በኪሎ የማይመዘን ሙያ

ብረት በኪሎ ሲሸጥ የሚመዘነው ክብደቱ እንጂ ሙያው አይደለም። ሠራተኛ በሞረድ ያለሰለሰው መጋጠሚያ፣ በመዶሻ የመታው የመዳብ ሚስማር፣ ተጠንቅቆ ያወጣው ጥርስ፣ ሁሉም ከተሰበረ የአልጋ እግርና ከተጨማደደ ላሜራ ጋር በአንድ ማዳበሪያ ገብቶ በአንድ ዋጋ ይሄዳል። እንዲህ ከሚሄደው ዕቃ ሁሉ እኔን የሚቆጨኝ አሮጌ ብስክሌት ነው። መኪና ሥራውን በኮፈን ይሸፍናል፣ ሰዓትም በክዳኑ። ብስክሌት ግን ከአንድ ቦታ በቀር የሚደብቀው ነገር የለውም። ማን አሳምሮ እንደሠራው፣ ማን አድበስብሶ እንዳለፈው፣ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ሁሉም በግልጽ ይታያል።

ይህን ለማየት ፒያሳ ውስጥ አትክልት ተራ ደህና መነሻ ነው። አትክልቱ ራሱ ከሄደ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ወጣ፤ በ2013 ደግሞ ሃይሌ ጋርመንት ወደተዘጋጀለት ቦታ ተሻገረ። ስሙ ግን እዚያው ቀርቷል። ከዚህ ተነስቶ፣ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ ሰው በምኒልክ ዘመን ያስመጣው የእንፋሎት ባቡር ተሰብሮ ቀረበት በሚባለው በሰባራ ባቡር በኩል ወደ መርካቶ የሚዘልቀው መንገድ ለውራጅ ዕቃ የቆየ መንገድ ነው። ከአራዳ ጓዳ የወጣ ብረት በዚህ በኩል ያልፋል።

አወጣጡም የታወቀ ነው። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ከጠርሙሱና ከጣሳው ጋር ብስክሌትም ይገዛል። ባለቤቱ ብዙ አይከራከርም። ጎማው የበሰበሰ፣ ሰንሰለቱ የዛገ፣ የቆርቆሮ አጥር ተደግፎ ስንት ክረምት ያለፈበት ዕቃ ነውና ቦታ መልቀቁን እንደ ትርፍ ይቆጥረዋል። ከዚያ ወደ መርካቶው ምን አለሽ ተራ ይወርዳል። ዕጣው የሚለየው እዚያ ነው። የሚያገለግለው ተፈታትቶ ፔዳል ከፔዳል፣ ቸርኬ ከቸርኬ፣ መሪ ከመሪ ጋር ይደረደራል። የማያገለግለው ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተጭኖ ወደ ማቅለጫ ይሄድና ፌሮ ሆኖ ወደ ግንባታ ይመለሳል። ይህን ፍርድ የሚሰጠው የአንድ ሰው ዓይን ነው፤ የሚወስድበትም ጊዜ ከአፍታ አይበልጥም።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስና ብዙ አሮጌ ቤት ሲፈርስ፣ በየቆጡና በየማጀቱ ለዓመታት የተኛው ዕቃ አብሮ ወጣ። ቤቱን ለቆ ለሚሄድ ሰው ደግሞ የአባቱ ብስክሌት የመጨረሻ ሐሳቡ ነው። ስለዚህ የሚጣለውን ለይቶ ማየት እንደ ዛሬ ያስፈለገበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። የቆየ ቤት አንዴ ነው የሚፈርሰው፤ ከውስጡም ዕቃ የሚወጣው አንዴ ነው።

እንግዲህ ጎንበስ እንበል። መጀመሪያ የሚታየው ከመሪው ሥር፣ ሦስት ቱቦዎች የሚገናኙበት ቦታ ነው። በዛሬው ርካሽ ብስክሌት ቱቦ ከቱቦ ጋር ይገጥምና ይበየዳል፤ የብየዳው ጉብጉብታም ከቀለሙ ሥር ይታያል። የድሮው አሠራር ሌላ ነው። ቱቦዎቹ ጫፋቸው በብረት እጅጌ ውስጥ ይሰካል። በእጅጌውና በቱቦው መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት ትቀራለች። ከዚያ ብረቱ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲግል ናስ ይነካበታል። ናሱ ቀልጦ በዚያች ክፍተት ራሱን እየሳበ ይገባና ይሞላታል። ብረቱ አይቀልጥም፤ የሚቀልጠው ናሱ ብቻ ነው። የፒያሳ ወርቅ ሠሪ የተቆረጠ ቀለበት ሲያጋጥም የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ እሱም ዋናውን ወርቅ ሳያቀልጥ ቀድሞ በሚቀልጥ ማጣበቂያ ነው የሚያያይዘው። ሙያው ያለው እሳቱን መጥኖ ማቆሙ ላይ ነው። ካነሰ ናሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከበዛ ቱቦው ይቃጠልና ጉልበቱን ያጣል። ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ብትፈልጉ፣ በእጅጌው ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን ቢጫ መስመር ታያላችሁ። መስመሩ ሳይቋረጥ ከዞረ ናሱ ሁሉም ጋ ደርሷል ማለት ነው።

ከእሳቱ ቀጥሎ ሞረዱ ይመጣል። ደህና ሠራተኛ የእጅጌውን ጠርዝ እያሳሳ ሄዶ በሾጣጣ ጫፍ ይጨርሰዋል። ያ ሾጣጣ ለጌጥ የወጣ ይመስላል፤ ሥራ ግን አለው። ወፍራም ብረት በድንገት ሲያልቅ ጫናው ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ያርፋል፤ ቱቦም የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ቀስ እያለ ሲሳሳ ጫናው ይበተናል። ጥፍራችሁን ከቱቦው ወደ እጅጌው አሳልፉበት። ካልያዘው፣ የሞረደው ሰው አልቸኮለም። ከያዘው የወሩን ኮታ ለማድረስ ሲሮጥ የነበረ ሰው ሥራ ነው። ስልሳና ሰባ ዓመት አልፎትም ልዩነቱ ጥፍር ላይ ይታወቃል።

ቱቦው ራሱም ይመረመራል። የበርሚንግሃሙ ሬይኖልድስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1897 የፈጠራ መብት ያወጣበት ዘዴ፣ ቱቦው ከውጭ አንድ ወጥ መስሎ ከውስጥ ግን ጫፎቹ ወፈር፣ መሃሉ ሳሳ እንዲል ማድረግ ነው። እሳቱም ጫናውም የሚያርፈው ጫፉ ላይ ስለሆነ መሃሉ ላይ ያለው ውፍረት ትርፍ ሸክም ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ 531 የተባለውን ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም ያለበት የብረት ቱቦ አወጣ። ይህን የሚናገረው ተለጣፊ ምልክት ከአዲስ አበባ ፀሐይና በላይ በላዩ ከተቀባ ቀለም ተርፎ እምብዛም አይገኝም። የሚያውቅ ሰው ግን መቀመጫውን ከነዘንጉ ነቅሎ የዘንጉን ውፍረት ይለካል። 27.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዓይኑ ይበራል፤ ተራው ወፍራም ቱቦ ውስጡ ስለሚጠብ ከዚህ የቀጠነ ዘንግ ነውና የሚቀበለው። ምልክት ይላጣል፣ ቀለም ይቀየራል፤ የቱቦው የውስጥ ስፋት ግን አይዋሽም።

አሁን ወደዚያ ወደተደበቀው ቦታ እንምጣ። የኋላው ጎማ መሃል፣ መካኒክ ሞዞ የሚለው፣ ከተለመደው ወፈር ካለ አትለፉት። በናፍጣ በነከራችሁት ጨርቅ ፈትጉት። ስተርሜይ አርቸር የሚል የኖቲንግሃም ፋብሪካ ስም፣ ኤ እና ደብሊው የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ አጠገባቸውም ቁጥሮች ብቅ ይላሉ። ቁጥሮቹ 58 እና 7 ከሆኑ ሞዞው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1958 ሰባተኛው ወር ላይ ነው፤ በእኛ ሐምሌ 1950 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ዓመቱንና ወሩን ብረቱ ላይ ይመታ ነበር። ምን አለሽ ተራ ውስጥ የተወለደበትን ወር ይዞ የሚዞር ዕቃ ብዙ የለም።

ውስጡ ሦስት ፍጥነት የሚሰጡ ማርሾች አሉ። መሃል ላይ ከዘንጉ ጋር አንድ ሆና የተሠራች፣ የማትዞር፣ 20 ጥርስ ያላት ማርሽ ተቀምጣለች። በዙሪያዋ አራት ትንንሽ ማርሾች ይዞራሉ፤ እነሱም እያንዳንዳቸው 20 ጥርስ አላቸው። አራቱን ደግሞ ጥርሱ ወደ ውስጥ የዞረ 60 ጥርስ ያለው ቀለበት ይከባቸዋል። ሒሳቡ ይኸው ነው። 60 እና 20 ሰማንያ ይሆናል፤ 80 ለ60 ሲካፈል አንድ ከሲሶ፣ 60 ለ80 ሲካፈል ሦስት አራተኛ። የእግር ኃይል በቀለበቱ ገብቶ አራቱን ማርሾች በተሸከመው ክፍል ሲወጣ ጎማው በሩብ ይዘገያል፤ ዳገት የሚወጣበት ማርሽ እሱ ነው። መንገዱ ሲገለበጥ ጎማው በሲሶ ይፈጥናል፤ እሱ ለቁልቁለት ነው። በቀጥታ ሲተላለፍ ደግሞ እኩል ነው፤ እሱ ለሜዳ። ያው ጥርስ፣ ያው ማርሽ ነው፤ የሚቀያየረው ኃይሉ የሚገባበትና የሚወጣበት በር ብቻ ነው። ይህ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1936 ወጥቶ መሠረቱ ሳይነካ ለአሥርተ ዓመታት ተሠርቷል። የተስተካከለ ነገር አይነካካም።

ድምፁንም አዳምጡት። በቀላሉ ማርሽ ዝም ይላል፤ በመካከለኛውና በከባዱ ግን ጭ፣ ጭ፣ ጭ ይላል። ብዙ ሰው ብልሽት ይመስለዋል፤ ጤንነቱ ነው። በቀላሉ ማርሽ ጊዜ ጎማውን የሚይዙት ትንንሽ የብረት ምላሶች በሌሎቹ ማርሾች ሥራ ፈት ሆነው በጥርሱ ላይ እየዘለሉ ሲያልፉ የሚወጣ ድምፅ ነው። እያንዳንዷን ምላስ የምትገፋት ስፕሪንግ ደግሞ እጅግ ቀጭን ሽቦ ናት። ከሞዞው ጀርባ ላይ ክዳን ያላት የዘይት ቀዳዳ አለች። ባለቤቱ ሃያ ዓመት ረስቷት ቢኖርም፣ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ገብቶላት አንድ ሌሊት ካደረች ሞዞው አብዛኛውን ጊዜ ነፍስ ይዘራል።

የቀረውን ፈጠን ብለን እንለፈው። የራሌ ብስክሌት የፊተኛው ጥርስ ውስጡ ተፈልፍሎ አንገተ ረጃጅም የሆኑ የሦስት ውኃ ወፎች ራስ ወጥቶበታል። ፔዳል በተመታ ቁጥር ወፎቹ ይዞራሉ፤ ጭቃና ግሪስ ሲጋገርበት ግን ተራ ብረት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1866 በርሚንግሃም ውስጥ የተቋቋመው ብሩክስ የሚሠራው መቀመጫ ከሥሩ ስፖንጅ የለውም። አንድ ወፍራም ቆዳ ርሶ በቅርጽ ላይ ተወጥሮ፣ ከፊትና ከኋላ በሚስማር ተይዞ፣ የተቀመጠበትን ሰው ቅርጽ እያደር ይይዛል። ሲለጠጥ ከአፍንጫው ሥር ያለች ቡሎን ትጠብቃለች፤ ሠሪው ቆዳ እንደሚለጠጥ አስቀድሞ አስቦበት ነው። በጣሊያን ብስክሌት ላይ ደግሞ የኋላው ጎማ ዘንግ የሚገባባትን ብረት እዩ። እ.ኤ.አ. በ1933 ቪቼንዛ ውስጥ የተመሠረተው የካምፓኞሎ ስም ተመትቶባት ከተገኘ፣ ቀሪውን አካል የሠራው ሰው ለማይታየው ቦታ ገንዘብ ያወጣ ሰው ነበር።

ጎማው ላይ ግን ቆም እንበል፤ የእኛ ሰው ሙያ የሚገባው እዚህ ነውና። የድሮው የእንግሊዝ ብስክሌት በአብዛኛው ከፊት 32፣ ከኋላ 40 ሽቦ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የጣሊያኑ ከሁለቱም በኩል 36። ስለዚህ ስሙ በቀለም የተሸፈነ ብስክሌት ሽቦው ተቆጥሮ አገሩ ይገመታል። እነዚያ ሽቦዎች እርስ በርስ እየተሻገሩ ቸርኬውን በእኩል ሲጎትቱት ነው ጎማው ቀጥ የሚለው። ጠማማን ጎማ ለማቅናት ፋብሪካ መሣሪያ አለው፤ የአዲስ አበባ ጠጋኝ አውራ ጣት አለው። ብስክሌቱን ገልብጦ በመቀመጫውና በመሪው ያቆመዋል። ጎማውን ያሽከረክርና ጣቱን ከሹካው አስደግፎ ወደ ቸርኬው ያስጠጋል። ቸርኬው ጣቱን የሚነካበት ቦታ የጠመመው ነው። ወደ ቀኝ ከጠመመ የግራውን ሽቦ ሩብ ዙር ያጠብቃል፤ የቀኙን ሩብ ዙር ያላላል። እንደገና ያሽከረክራል። በመጨረሻ ሽቦዎቹን በጥፍሩ እየነካ ያዳምጣቸዋል፤ የላላው ድምፁ ይወፍራል። ይህን ሥራ ችኩል ሰው አይችለውም። ጥቂት የሚያጠብቀው ያቀናል፤ ብዙ የሚያጠብቀው ቸርኬውን ስምንት ቁጥር ያደርገዋል።

ከሰባራ ባቡር አለፍ ብሎ በአንዲት ጠባብ ደጃፍ ላይ የሚሠሩ አዛውንት ጠጋኝ አሉ። አንድ ወጣት ከመርካቶ በርካሽ የገዛውን ባለ 28 ቁጥር ብስክሌት ይዞላቸው መጣ። የፔዳሉ ክንድ ከመሃሉ ዘንግ ጋር የተያዘው በሽብልቅ ፒን ነው፤ እሷ ካልወጣች የመሃሉ ኩሽኔታ አይከፈትም። ልጁ እቤቱ ሲቀጠቅጣት አድሮ ጫፏን አጎብጧታል።

«ጋሼ፣ ወይ ፍንክች አለች እኮ!»

«መታሃት እንጂ መቼ አስወጣሃት» አሉት። «ክንዱን ከሥር ሳታስደግፍ ብትመታ ዱላው ሁሉ ኩሽኔታው ላይ ነው የሚያርፈው። አምጣ ልጄ።»

አሠራራቸውን ቆሜ አየሁ። ዳዶውን ፈቱትና አላወጡትም፤ ከፒኗ ጫፍ ጋር እኩል አድርገው ተዉት፣ ጥርሷ ከዚህ በላይ እንዳይጎዳ። ዘይት ጠብ አደረጉና ሌላ ሥራቸውን ቀጠሉ። ቆይተው ተመለሱ። ፒኗ በቀዳዳው እንድታልፍ አድርገው ክንዱን በአንዲት ቁራጭ የብረት ቱቦ ላይ አስቀመጡት፤ ቱቦው ደግሞ ድንጋዩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በከባዱ መዶሻ አንድ ጊዜ መቱ። ወጣች። ካያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ ነው፤ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያወረደው ዱላ ያላደረገውን ከሥር የገባች ድጋፍ አደረገችው። የጎበጠችውን ፒን ወደ ቶርኖ ቤት ላኩ፤ አዲሷ ስትመጣ ደግሞ እንደመጣች አላስገቧትም። ሞርሳ ላይ አስረው የተዳፋውን ጎኗን በሞረድ እየነኩ፣ እየከተቱ እያወጡ፣ ሁለቱ ፔዳሎች በአንድ መስመር እስኪቆሙ ድረስ ለኳት። የኩሽኔታውን ብዮች በናፍጣ አጥበው አንድ በአንድ በብርሃን አዩ፤ ነጠብጣብ የያዙትን ጣሏቸው፣ የሚያብረቀርቁትን አዲስ ግሪስ ውስጥ ደረደሩ። እኔ በዚያ ሥራና ከእጅጌው ጠርዝ ላይ ሞረድ ባሳለፈው የፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ መካከል የደረጃ ልዩነት አላየሁም። እንዲያውም የእሳቸው ይከብዳል። የፋብሪካው ሰው አዲስ ብረት፣ ልክና መሣሪያ ነበረው፤ እሳቸው የሌላ ሰው ስሕተት ተረክበው ነው የሚጀምሩት።

ይህ ሙያ እዚህ አገር ሥር አለው። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልበርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር። በኅዳር 1949 ዓ.ም. በተደረገው የጎዳና ውድድር ገረመው ደንቦባ 24ኛ ወጡ፤ ቡድኑም 9ኛ ሆነ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ አራት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በሁለቱ መካከል ያሉትን 60 ዓመታት ብስክሌትን በመንገድ ላይ ያቆዩት ጠጋኞች፣ በደቂቃ የሚያከራዩ የሰፈር ሰዎችና ባሕር ዳርን በመሰሉ ሜዳማ ከተሞች በየቀኑ የሚነዱት ናቸው።

አሮጌ ሁሉ ግን ደህና አይደለም፤ ማድነቅ ማለት ዓይንን መጨፈን አይደለም። ከመሪው ሥር ወደ ታች በሚወርደው ቱቦ ላይ ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ቱቦው በጣት ሲዳበስ ጉብ ካለ፣ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል፤ ተዉት። ሹካው ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ከተመለሰም እንደዚያው። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ብስክሌት ካያችሁ መጋጠሚያዎቹን ደግማችሁ እዩ፤ ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል። የላይ ዝገት ግን አያስፈራም። በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ከሥሩ ደህና ብረት ከወጣ የቆዳ በሽታ ነው፤ አጥንቱን አልነካም። ከውጭ በቅርቡ የገባና የሚያብለጨልጭ፣ ግን የፍሬኑ ክንድ በእጅ ሲጫን የሚጎብጥ ብስክሌት ከዚህ የባሰ ነው። እሱ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ውዳቂ ነበር።

አሁን ደግሞ ጊዜው ለብስክሌት ፊቱን የመለሰ ይመስላል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለእግረኛና ለብስክሌት መዘጋት ጀመሩ። ከኮሪደር ልማቱ በኋላ በፒያሳና በአራት ኪሎ በኩል የብስክሌት መሄጃ ተሠርቷል። መሄጃው ካለ የሚሄደው ብስክሌት ሁሉ ከኮንቴነር መውጣት የለበትም። ስለዚህ ቤታችሁ አሮጌ ብስክሌት ካለ፣ ቆራሌውን ከመጥራታችሁ በፊት ገልብጡት። የኋላውን ሞዞ ጥረጉና ቁጥሩን አንብቡ፤ መጋጠሚያውን በጥፍራችሁ ሞክሩ፤ ሽቦውን ቁጠሩ። ካልገባችሁ ሰፈራችሁ ውስጥ እጁ ግሪስ የነካ አንድ ጠጋኝ አይጠፋም፤ እሱ ይየው። ለራሳችሁ ባትነዱት ለሚነዳው ልጅ ስጡት። የአራዳን ዳገት ለመውጣት ሦስት ማርሽ ይበቃል።